አራት ምዕራፍ ወደ ኋላ

ከመገናኛ ወደ አራት ኪሎ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ነው። ከሾፌሩ አናት በላይ በወርቃማ ፊደል የተጻፈ ጥቅስ ተለጥፏል። ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ስለ ራስና ስለ ጅራት የሚናገረው ነው። ኦሪት ዘዳግም፣ ምዕራፍ 28።

ከፊቴ የተቀመጡ አንዲት እናት ሊወርዱ ሲሉ መልሳቸውን ጠየቁ።

"ማዘር፣ ዝርዝር የለም እኮ" አለ ረዳቱ።

"ታዲያ ልጄ፣ እጅህ ላይ ያለው ምንድነው?"

"እሱ የሰው ነው።"

ተሳፋሪው ሳቀ። እሳቸውም ትንሽ ቆም ብለው አዩትና "በል ተወው፤ ለልጆችህ ይሁንህ" ብለው ወረዱ። በሩ ተዘጋ፣ መኪናው ሄደ፣ ጥቅሱም ከነወርቁ እዚያው አለ። እኔ ደግሞ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ደስ አለኝ። የሳምንቱ ጽሑፌ ተገኘ ማለት ነው!

አራት ኪሎ እስክንደርስ ጽሑፉ በሐሳቤ አልቆ ነበር። መቼም የጥቅሱ ነገር ለወግ ጸሐፊ ሲሳይ ነው። በሚኒባስ ጥቅስ አለ። በሱቅ ግድግዳ "ዱቤ ዛሬ የለም፣ ነገ ይምጡ" ከሚለው ማስታወቂያ ጎን ጥቅስ አለ። በሠርግ ካርድ፣ በቀን መቁጠሪያ፣ በሻይ ኩባያ ላይ አለ። ጠዋት ስልካችሁን ስትከፍቱ፣ ፀሐይ ስትወጣ ከሚያሳይ ፎቶ ጋር "የዕለቱ ቃል" ተብሎ ይላክላችኋል። ልብ ብላችሁ ከሆነ ግን፣ የዕለቱ ቃል ተቆጥቶን አያውቅም። ሁልጊዜ ትወጣላችሁ፣ ትወርሳላችሁ፣ ትበዛላችሁ ነው። ሃያ ዓመት ያህል ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ከተማሪዎቼ ጋር የተጣላሁበት ነገር ይኸው ነበር፤ አንዲት ዓረፍተ ነገር ገንጥሎ ይዞ "መጽሐፉን አንብቤዋለሁ" ማለት።

ለማስረጃ ምዕራፍ 28ን ራሱን መቁጠር ይበቃል። 68 ቁጥር አለው። በረከቱ የሚነገረው በመጀመሪያዎቹ 14 ቁጥሮች ነው፤ እሱም "ብትሰሙ፣ ብታደርጉ" በሚል ቅድመ ሁኔታ የታሰረ ነው። የቀሩት 54 ቁጥሮች እርግማን ናቸው። ከአምስት እጅ አራቱ ማለት ይቻላል። ከእነዚያ ከ54ቱ አንዷን እንኳ ሚኒባስ ላይ ተለጥፋ አላየሁም። ለነገሩ ማን ሾፌር ይለጥፋታል? ማንስ ተሳፋሪ ይገባለታል?

እንግዲህ ይህን ሁሉ አሰናድቼ፣ ረዳቱን በብዕሬ ልገርፈው ተዘጋጅቼ፣ እቤቴ ገባሁ። ነገሩ ወደ እኔ የዞረው እዚህ ላይ ነው።

የባለቤቴ እናት የሚኖሩት ከእኛ ጋር ነው። ዓይናቸውን ሞራ ከጋረደው ወዲህ ማታ ማታ ከእራት በፊት ግማሽ ሰዓት ያህል መጽሐፍ ቅዱስ አነብላቸዋለሁ። መጽሐፉ የ1954ቱ ትርጉም ነው፤ ገጹ ከብዙ ማገላበጥ ጠርዙ ጠቁሯል። ምን እንደምናነብ የምመርጠው እኔ አይደለሁም፤ እሳቸውም አይደሉም። ትናንት ያቆምንበት ቦታ ላይ ቀይ ክር አለ፤ ዛሬ ከክሩ እንጀምራለን። ከዘፍጥረት ተነሥተን እንዲሁ መጥተናል። ዘሌዋውያን ላይ የእኔ ትዕግሥት ሊያልቅ ትንሽ ቀርቶት ነበር፤ የእሳቸው ግን አላለቀም።

በዚያ ሰሞን ግቢያችን ውስጥ የሽንት ቤት ጉድጓድ እናስቆፍር ነበር። የሚቆፍረው ልጅ ከገጠር ከመጣ ዓመት አልሞላውም። አራት ቀን ቆፍሮ ሐሙስ ማታ ጨረሰ። እጁን ታጥቦ፣ አካፋውን ግድግዳ ላይ አስደግፎ "ጋሼ፣ ሒሳቤን" አለኝ። ኪሴ ውስጥ ብር ነበረኝ። ያንን ብር ግን ለቅዳሜ ሠርግ አስቤው ስለነበር "ቅዳሜ ጠዋት ና" አልኩት። ቅዳሜ ጠዋት መጣ። እኔ ከረባት እያሰርኩ ነበር፤ "ሰኞ ይምጣ በሉት" ብዬ ላክሁበት። ሰኞም መጣ አሉ። እኔ ግን ያን ጊዜ ሚኒባስ ውስጥ ሆኜ በረዳቱ እየተናደድኩ ነበር።

ክፋት አልነበረኝም። ይህን ስጽፍ ራሴን ለማሳመር አይደለም፤ ክፉ ሰው አለመሆኔን እኔ ራሴ አምን ስለነበር ነው። ብሩን ልክደው አላሰብኩም። ይከፈለዋል፤ ምን ያስቸኩላል? ለእኔ ሐሙስም ሰኞም አንድ ነው።

የዚያኑ ዕለት ማታ መጽሐፉን ይዤ ተቀመጥኩ። ክሩ ያለው ዘዳግም 24 ላይ ነው። እኔ የምፈልገው ደግሞ ለጽሑፌ የሚሆነኝን 28ን ነበር። "እማማ፣ ዛሬ ትንሽ ወደፊት ሄደን ብናነብስ?" አልኳቸው። እሳቸው እጃቸውን ዘርግተው ገጹን ዳበሱና ክሩን አገኙት።

"ያቆምነው እዚህ ነው አይደል?"

"አዎን።"

"እንግዲያው ምን አስዘለለን?"

አነበብኩ። ምዕራፍ 24 ወርቃማ ፊደል የሚወጣለት ዓይነት ምዕራፍ አይደለም። የሚያወራው ስለ ፍቺ ወረቀት፣ ስለ ወፍጮ፣ ስለ መያዣ ነው። የሰውን ወፍጮ መያዣ አድርገህ አትውሰድ ይላል፤ ዱቄት ከሌለ ቤቱ ምን ይበላል? አበዳሪ መያዣ ሊቀበል ሲሄድ ዘው ብሎ እንዳይገባ ይከለክላል፤ ውጭ ቆሞ ይጠብቅ፣ ተበዳሪው ራሱ ያውጣለት ይላል። መያዣው የድሃ ልብስ ከሆነ፣ ለብሶት እንዲያድር ፀሐይ ስትጠልቅ ይመለስለት ይላል። እርሻ ላይ የተረሳ ነዶ ካለ ተመልሰህ አታንሣው፤ ለመጻተኛ፣ ለድሃ አደግና ለመበለት ተወው ይላል። በመካከል ደግሞ የቀን ሠራተኛው ይመጣል። ወንድምህም ይሁን ከሌላ አገር የመጣ፣ የሠራበትን በዕለቱ ስጠው፤ ፀሐይ ሳትገባ ስጠው። ምክንያቱንም ይነግረናል። ሰውዬው ድሃ ነው፤ ነፍሱን የጣለው እዚያች ገንዘብ ላይ ነው። ወደ እግዚአብሔር የጮኸብህ እንደሆነ ኃጢአቱ ያንተ ነው።

እዚህ ስደርስ ድምፄ ዝቅ ሳይል አልቀረም።

"እስቲ እሱን ድገመው" አሉ እማማ።

ደገምኩት።

"አሁን መሽቷል?"

"መሽቷል።"

"በል ቀጥል።"

ስለ ልጁ አንዲት ቃል አልተነፈሱም። በራችን ሲንኳኳ ግን ከሁላችንም በፊት የሚሰሙት እሳቸው ናቸው።

ሐሳቤን አሁን ልናገር። "ይህ ሁሉ ዘመን አልፎት የበግና የወይን ገበሬዎች መጽሐፍ ለዛሬ አማኝ ምን ይጠቅመዋል?" የሚለውን ጥያቄ ስንሰማ ኖረናል። እኔ በደርግ መጨረሻ ዓመታት ተማሪ ሳለሁ የሚጠየቀው በቁጣ ነበር፤ ዛሬ ወጣቶቹ የሚጠይቁት በትሕትና ነው። የወንድሜ ልጅ ኮምፒዩተር ያጠና፣ ደግ ልጅ ነው። የጉድጓዱን ነገር ስነግረው እንዲህ አለኝ፦ "ጋሼ፣ ይኼ እኮ በሕግ አለ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አለ። ለደመወዝ ኦሪት ምን ይሠራል?"

ጥሩ ጥያቄ ነው። ሕጉ በመኖሩም ደስ ይለኛል። ይሁንና ያ ልጅ ለአራት ቀን ሒሳብ ክስ ይመሠርታል? የክስ ማመልከቻ የሚጽፍለትስ ማን ነው? ሕግ የተበደለው ሰው መጥቶ እስኪጠራው ድረስ ቢሮው ተቀምጦ ይጠብቃል። ይኼኛው ግን ልጁ ሳይከስ፣ እማማ ሳይወቅሱኝ፣ በገዛ አፌ ተነቦ ገባብኝ። ሌላም ልዩነት አለ። ሕግ ዕዳ እንዳለብኝ ይነግረኛል። ኦሪት ደግሞ ዕዳው በልጁ በኩል ሲታይ ምን እንደሚመስል ያሳየኛል፤ ነፍሱን ጥሎበታል አለኝ። እኔ ከረባት ሳስር ልጁ ነፍሱን ይዞ ከበሬ ውጭ ቆሞ ነበር ማለት ነው። በዚያ ምዕራፍ መሠረት ውጭ ቆሞ መጠበቅ ያለበት ባለገንዘቡ ነው። በእኔ ግቢ ግን የተገላቢጦሽ ሆነ።

"እሺ፤ ታዲያ ጥሩ ልብ ወለድስ ይህን አያደርግም?" ትሉ ይሆናል። በዚህ እንኳ ልምድ አለኝ። የሐዲስ ዓለማየሁን ፍቅር እስከ መቃብር ስንት ዓመት አስተማርኩት! ፊታውራሪ መሸሻ ከባላገሩ ያልተለመደ ግብር ሲጠይቁ፣ ባላገሩም እምቢ ብሎ ሲያምጽ፣ ክፍሉ ውስጥ እየተንጎራደድኩ ፊታውራሪውን የምወቅሰው በምን ወኔ መሰላችሁ! አንድ ቀን ግን "ፊታውራሪው እኔ ብሆንስ?" ብዬ አላውቅም። ልብ ወለድ ዳኛ አድርጎ ወንበር ይሰጠኛል፤ ከወንበሩ እንድነሣ አያስገድደኝም። ልነሣ ብፈልግ እችላለሁ፤ ባልፈልግ መጽሐፉን ዘግቼ "ግሩም ድርሰት ነው" እላለሁ።

አማኝ ግን ቅዱስ መጽሐፉን ሲከፍት አስቀድሞ አንድ ነገር ፈርሟል። ይህ መጽሐፍ ስለ እኔ ሊናገር ሥልጣን አለው ብሎ ፈርሟል። ነቢዩ ናታን ወደ ንጉሥ ዳዊት የሄደው ይህን አውቆ ነው። ብዙ በግ ያለው ባለጠጋ የድሃውን አንዲት በግ እንደወሰደበት ተረከለት። ዳዊት ነደደው፤ በባለጠጋው ላይ ፈረደ። ናታንም ያ ሰው አንተ ነህ አለው። እኔም በዚያ ሚኒባስ ውስጥ ነድጄ ነበር። የእኔ ባለጠጋ ረዳቱ ነበረ።

በዘመናዊው ኑሮ ውስጥ ቅዱሳት መጻሕፍት ለአማኝ የሚጠቅሙት ለዚህ ይመስለኛል። ምክርማ ሞልቷል፤ ማበረታቻም በየስልኩ አለ። የጎደለን ሳንጠይቀው የሚናገረን ነው። ዛሬ ሁሉ ነገር እንደ ምርጫችን ይመጣል፤ የምንሰማው ዘፈን፣ የምናየው ወሬ፣ የምንገባበት የቴሌግራም ቡድን፣ ሁሉም የኛኑ ሐሳብ መልሶ ያቀብለናል። እኛ ያልመረጥነውን የሚናገር፣ ተናግሮም ልንቆጣው የማንችለው ድምፅ በየቤታችን ስንት ቀረ? መጽሐፉ ራሱ ወደ ምርጫ ሲለወጥ፣ ማለትም 28 ተቆርጦ 24 ሲጣል፣ ያ ድምፅም አብሮ ይጠፋል። ያን ጊዜ ልጆቻችን "ምን ይጠቅማል?" ቢሉን መልስ የለንም።

አባቶች ይህን አደጋ የሚያውቁት ይመስለኛል። ዳዊት ደጋሚ ሰው መዝሙሩን ለሰባት ቀን ከፍሎ ነው የሚደግመው፤ ማክሰኞ የደረሰው ማክሰኞ ይነበባል፤ ደስታ ይሁን ለቅሶ፣ ይስማማው አይስማማው። ቤተ ክርስቲያንም የየዕለቱን ምንባብ በግጻዌ የወሰነችው ቄሱ የሚወደውን ብቻ እንዳያነብ ጭምር ሳይሆን አይቀርም። የመጻሕፍት ቤት መምህር "አንድም" እያለ ትርጉም ላይ ትርጉም ሲደርብ፣ አስቀድሞ ንባቡን በተራው ይዘልቃል እንጂ ደስ ያለውን አንጠልጥሎ አይሮጥም። ፕሮቴስታንት ወዳጆቼም በዓመት ከዳር እስከ ዳር የሚያስነብብ ዕቅድ አላቸው። መንገዱ ይለያይ እንጂ ሁሉም ቀይ ክር ነው። ስልክ ላይ ማንበቡም ነውር የለበትም፤ ስልኩም ክር ሊኖረው ይችላል።

አንድ ነገር ግን ሸፍኜ ማለፍ አልችልም። ይኸው መጽሐፍ ባሪያ አሳዳሪ በነበሩ ጌቶች ቤትም ነበር። ፍትሐ ነገሥቱም ስለ ባሪያ ደንብ ነበረው። በአገራችን ባርነት በአዋጅ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. ነው፤ ያን ሁሉ ዘመን ኦሪት በየደብሩ ሲነበብ ኖሯል። ስለዚህ "መጽሐፉ ካለ ሰው ይድናል" የሚል ካለ ታሪክ አይደግፈውም። ጌቶች መርጠው ካነበቡት ለጌታ የሚመች ቃል ከውስጡ አይጠፋም።

ነገር ግን ሌላም ታሪክ አለ። ኦነሲሞስ ነሲብ በልጅነቱ ተነጥቆ የተሸጠ የኢሉባቦር ሰው ነው፤ ነፃ የወጣው በ1870 እ.ኤ.አ. ምጽዋ ላይ ነው። አስቴር ጋኖም ከባርነት ነፃ የወጣች ናት፤ የኦሮምኛ ቃላትን ሰብስባ መዝገብ አዘጋጅታለች። ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ በኦሮምኛ ተተርጉሞ በ1899 እ.ኤ.አ. በስዊዘርላንድ የታተመው በእነዚህ ሰዎች ድካም ነው። ዘዳግም 24 ያንን ቋንቋ የለበሰው፣ ያለ ደመወዝ መሥራት ምን እንደሆነ በሚያውቁ ሰዎች እጅ ነው ማለት ነው። ምዕራፉ ራሱ ደጋግሞ፣ አንተም በግብፅ ባሪያ እንደነበርህ አስብ ይላል። ጌቶች ሲያነቡት ይህን ሳያዩት አልፈዋል። የተሸጡት ሲያነቡት ግን መጽሐፉን አልጣሉትም፤ ለወገናቸው ተረጎሙት። ይህ ለእኔ ከብዙ ስብከት ይበልጥብኛል።

ወደ ልጁ ልመለስ። ስልክ ቁጥሩን አልያዝኩም ነበር። ማክሰኞ በማለዳ የቀን ሠራተኞች ቆመው ሥራ ወደሚጠብቁበት አደባባይ ሄድኩ። አካፋና ዶማ ይዘው ከቆሙት መካከል አገኘሁት። ሲያየኝ ሌላ ጉድጓድ የመጣ መስሎት ፈጥኖ ቀረበ። ብሩን ሰጠሁት። ቆጠረና "እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ" ብሎ ጎንበስ አለልኝ። ከሁሉ ያሳፈረኝ ይኼ ነው። የገዛ ገንዘቡን፣ አምስት ቀን ዘግይቶ፣ እንደ ምጽዋት ተቀበለኝ። ምግብ በዱቤ የምትሰጠው ሴትዮ ከእሁድ ጀምሮ ዱቤውን አቁማበት እንደነበር የነገረኝ፣ እንዲያው ጨዋታ ለማስቀጠል ያህል ነው እንጂ ለወቀሳ አልነበረም። ትንሽ ብር ጨመርኩለት። ጭማሪው ለልጁ ይሁን ለኅሊናዬ መለየት አልቻልኩም፤ ለማንኛውም ተቀበለኝ።

"ሌላ ሥራ አለ እንዴ ጋሼ?" አለኝ ስለያየው። የለም አልኩት።

የረዳቱ ጽሑፍ እንግዲህ ሳይጻፍ ቀረ። የእኚያን እናት መልስ መብላቱ አሁንም ነውር ነው፤ ይህን አልክድም። ብቻ ከእሱ በላይ የሚቀመጥ ዳኛ መሆኔ ቀረ።

የዚያን ዕለት ማታ ቀጣዩን፣ ምዕራፍ 25ን አነበብን። ወደ መጨረሻው ላይ በአንድ ከረጢት ሁለት ዓይነት ሚዛን፣ ትልቅና ትንሽ፣ ስለሚይዝ ሰው ይናገራል፤ አንዱ መቀበያ፣ ሌላው መስጫ። "አያችሁ፣ ይኼን ያ ረዳት በሰማው!" ብዬ አፌን ልከፍት ስል እማማ ከተቀመጡበት እጃቸውን አነሡ።

"እሱን ድገመው" አሉኝ።